ደራሲው እንዲህ አልጻፈም

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ስንት መጽሐፍ እንዳነበብኩ ለጠየቀኝ ሁሉ «አርባ ሦስት» እል ነበር። እውነቱ ሃያ ስድስት ነው። የቀሩትን አሥራ ሰባት የሰማኋቸው ከጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ስር ተቀምጬ፣ እናቴ ስታነብ ነው። ያን ጊዜ በመስማትና በማንበብ መካከል ልዩነት ያለ አይመስለኝም ነበር።

እናቴ የምትሠራው የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት ነበር። አንድ ረጅም ክፍል ነው፤ በግድግዳው ጥግ የስፌት መኪናዎች ተደርድረዋል፣ መሃል ላይ ሰፊው የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ስር ደግሞ ልብስ የሚተኮስበት። ከጠዋት ጀምሮ መኪናዎቹ ሲንጫጩ ሰው ከሰው አይደማመጥም። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን ግን ሁሉም ይቆማሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእጅ ሥራ ነው፤ ቁልፍ መትከል፣ ጠርዝ መቀምቀም፣ የተንጠለጠለ ክር መቁረጥ። ዝምታው ድንገት ሲመጣ ጆሮዬ ውስጥ አንዲት ያልቆመች መኪና የቀረች ይመስለኝ ነበር። ያኔ እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጽሐፉን ከመሳቢያው ታወጣለች።

ውላቸው እንዲህ ነው፤ እሷ ታነባለች፣ የእሷን ድርሻ ቁልፍ ሌሎቹ ይካፈላሉ። መጽሐፎቹን ከመንገዱ ማዶ ካለው መጽሐፍ አከራይ የማመጣውም የምመልሰውም እኔ ነኝ። አንድ መጽሐፍ ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም በየተራ አስተያየት ሳይሰጡ ሌላ አይጀመርም። ይህን ሕግ ያወጣችው እትዬ ቁልፍ ናት። «ሰምተሽ ዝም ካልሽማ የጻፈውን ሰውዬ እንደ ራዲዮ ዘጋሽው ማለት ነው» ትላለች።

እትዬ ቁልፍ ስሟ ሌላ ነው። ቁልፍ ስትተክል እጇን አታይም፤ ዓይኗ እናቴ አፍ ላይ ሆኖ ጣቶቿ ብቻቸውን ይሄዳሉ። ጨርቅ ቆራጩን ጋሼ መቀስ እንለዋለን። ልብስ የምትተኩሰውን ወጣት ካውያ። እኔን ደግሞ «ጸሐፊዋ» ይሉኛል፤ አስተያየታቸውን በደብተር የምመዘግበው እኔ ነኛ። ደብተሩ እስከ ዛሬ አለኝ። ስለ ሁለት እህትማማቾች የሚያወራ መጽሐፍ ያለቀ ዕለት እንዲህ ይላል፦

«ካውያ፦ ታናሽየዋ ያንን ሰውዬ ማግባት አልነበረባትም፤ ጥርሱ ምን እንደሚመስል እንኳ አልተነገረንም። ጋሼ መቀስ፦ መሃሉ ላይ ሃምሳ ገጽ ይቆረጥ። እትዬ ቁልፍ፦ እናትየዋ ልክ ነች። ልጇን ልትሸኝ ወጥታ ድስቱን አለመክደኗ ትዝ ሲላት መመለሷን ወደድኩላት። እናቴ፦ ጥሩ ነው። እኔ፦ ከአሥር ስምንት። ፍቅሩ ስለበዛ ሁለት ቀንሻለሁ።»

እናቴ ከ«ጥሩ ነው» አልፋ አታውቅም። የሚያፍር አንባቢ ብዬ እታዘባት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ያንን መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አግኝቼ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ድስት የሚባል ነገር የለበትም።

እትዬ ቁልፍ በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት ከተረፈ ጨርቅ አንድ ሸሚዝ ለልጇ ትሰፋ ነበር። «አሁን እዚህ ይደርሳል» ትላለች፣ በመዳፏ አየሩን እየለካች። ጋሼ መቀስም ምንም ሳይጠይቅ ትከሻውን ካምናው በሁለት ጣት አስፍቶ ይቆርጥላታል። ትልልቆቹ ስለዚህ ልጅ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «ሩቅ ነው ያለው» ይላሉ። «ዘንድሮ ሦስት ዓመቱ» ይላሉ። ከዚህ የተረዳሁት ልጁ አዳሪ ትምህርት ቤት መግባቱን ነው። ድምፃቸውን የሚቀንሱትም የራሳቸው ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ስላልገቡ፣ ቅናት ይዟቸው ነበር የሚመስለኝ።

የባቡር ጣቢያው መጽሐፍ የመጣው በዚያ ዓመት ነው። እኔ ነኝ ሽፋኑን አይቼ የመረጥኩት፤ አንድ ባዶ አግዳሚ ወንበርና የመሸበት ሐዲድ ነበረበት። ታሪኩ ጣቢያ ዳር ልብስ እያጠበች ስለምታድር ሴትና ስለ አንድ ልጇ ነው። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው፣ አንድ ጠዋት ለማንም ሳይናገር ባቡር ላይ ይወጣል። እናትየዋ ከዚያ በኋላ በየቀኑ የማታው ባቡር ሲገባ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች።

ልጁ ባቡሩ ላይ የወጣ ዕለት የእትዬ ቁልፍ መርፌ ቆመ። ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ነበረች።

«ደብዳቤ እንኳ አልተወላትም?» አለች።

«ይተው አይተው ገና አላየሁትም» አለች እናቴ።

«ይተዋል። መጨረሻው ላይ ይገኛል፤ የሆነ ዕቃ ውስጥ ይሆናል የከተተው።»

በማግስቱ በምሳ ሰዓት እናቴን ከጓሮ ያለው ደረጃ ላይ አገኘኋት። መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በእርሳስ ነጥብ ታደርግበታለች። ካውያ አጠገቧ ቆማለች።

«እንዴት አድርገሽ ልታልፊው ነው?» አለቻት ካውያ።

«እሱን ለኔ ተዪው።»

«ሌላ መጽሐፍ ብንቀይርስ?»

«አሁንማ ብንቀይር ለምን እንደቀየርን ይገባታል።»

እኔን ሲያዩ ዝም አሉ። የእርሳስ ነጥቦቹን በኋላ ሰርቄ አየኋቸው፤ በየገጹ ጠርዝ ላይ አሉ። እናቴ የከበዷት ቃላት መሰሉኝ። እኔ የማውቃቸው ቃላት ስለነበሩ አዘንኩላት፤ ትንሽም ኮራሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ስታነብ ጣቶቿ አንዳንዴ ሦስት አራት ቅጠል አንድ ላይ ሲገልጡ ከጠረጴዛው ስር ሆኜ አያለሁ። ገጾቹ የተጣበቁ ይሆናሉ አልኩ።

መጽሐፉ ያለቀው አርብ ቀን ነው። እናቴ እንዳነበበችው፣ የማታው ባቡር ገብቶ መንገደኛው ሁሉ ከተበተነ በኋላ አንድ ቀጭን፣ ጢሙ ያቆጠቆጠ ወጣት ወደ አግዳሚው ይመጣል። እናትየዋ በፊቱ አታውቀውም። በአካሄዱ ታውቀዋለች።

«አላልኩም!» አለች እትዬ ቁልፍ። እያለቀሰች ትስቃለች። «አላልኩም! ፊትማ ይለወጣል፤ አካሄድን ማን ያጣዋል! በሞቴ፣ ያቺን አንቀጽ ድገሚልኝ።»

እናቴ ደገመችላት። አሁን ሳስበው በሁለተኛው ጊዜ ቃላቱ ትንሽ የተለዩ ነበሩ።

ያን ሳምንት ሥራ ስለበዛ አስተያየቱ ለሰኞ ተቀጠረ። ቅዳሜ መጽሐፉን እንድመልስ ተላክሁ። አከራዩ ሌላ ሰው እያስተናገደ ስለነበር ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ያቺን የመጨረሻዋን ገጽ፣ የአካሄዱን፣ በራሴ ዓይን ላያት ገለጥኩት። የለችም። ወደ ኋላ ሄድኩ፤ የለችም። አንድ ሙሉ ክፍል፣ አርባ ገጽ የሚሆን፣ እኛ ያልሰማነው አለ።

በመጽሐፉ ውስጥ ልጁ አይመለስም። በሄደበት ከተማ ታሞ ይሞታል፤ ማንም ለእናቱ አይነግራትም። በሦስተኛው ዓመት እናትየዋ አግዳሚውን ትታ ራሷ ባቡሩ ላይ ትወጣለች። ሆስፒታል ለሆስፒታል እየዞረች ትጠይቃለች። ሦስተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ መዝገብ ያዥ ስሙን ያገኝላታል። የተኛበትን አልጋ አሳዩኝ ትላለች። አልጋው ላይ ሌላ ሰው አለ። አጠገቡ ቁጭ ትልና ያንን የማታውቀውን በሽተኛ ውሃ ታጠጣዋለች። በዚህ ያበቃል።

ጸሐይዋ አናቴን እየጠበሰችኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከአሥር አሥር ሰጠሁት፤ ያን ያህል ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ከዚያ ነው ንዴቱ የመጣው። እናቴ ስትዘል ኖራለች! ከበዳት ብዬ እንዳላዘንኩላት፣ የመጽሐፉን ምርጡን ክፍል ጥላዋለች። አከራዩን እስከ ሰኞ አስፈቅጄ መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እሁድ ሙሉ ቀን ለእናቴ ትንፍሽ አላልኩም።

ሰኞ አሥር ሰዓት መኪናዎቹ ቆሙ። ደብተሬን ገለጥኩ። ካውያ ዓይኗን ከምትተኩሰው ቀሚስ ሳታነሳ «ጥሩ ነው፣ ያስለቅሳል» አለች፤ እሷ እንዲህ አጭር አስተያየት ሰጥታ አታውቅም። ተራው የጋሼ መቀስ ሆነ።

«እኔ ግን አልተዋጠልኝም» አለ መቀሱን አስቀምጦ። «ልጅ ጠፍቶ ጠፍቶ፣ እናትየዋ እግሯን አንፈራጥጣ ወንበር ላይ ስለተቀመጠች ይመጣል? ይሄ ደራሲ ፈሪ ነው። ልባችን እንዳይነካ ፈርቶ ሸነገለን። ጻፊው፤ ፈሪ ነው።»

ብዕሬን አነሳሁ። መጻፍ ግን አልቻልኩም። አንድ የማላውቀው ሰው፣ የት አገር እንዳለ እንኳ የማይታወቅ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ያለጥፋቱ ሲሰደብ ከእኔ በቀር የሚከራከርለት የለም።

«ደራሲው እንዲህ አልጻፈም!» አልኩ።

ከጠረጴዛው ስር ወጥቼ ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ሰው ፊት እንዲያ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

«ቁጭ በይ» አለች እናቴ።

«እናቴ ናት የቀየረችው! ልጁ አይመጣም። መጽሐፉ ይኸው!»

«ቁጭ በይ አልኩሽ እኮ!»

ካውያ «አፈር ስሆን፣ ዝም በይ» አለችኝ። እትዬ ቁልፍ ግን እናቴን ነበር የምታየው። ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ፦

«ተያት፤ ታንብብ» አለች።

አነበብኩ። አንድም መስመር አልዘለልኩም፤ ነጠላ ሰረዙን እንኳ በትንፋሼ አከበርኩት። እናትየዋ ያንን በሽተኛ ውሃ ስታጠጣው የገዛ ድምፄ ደስ አለኝ። መጽሐፉን ከድኜ ቀና ስል የሚያጨበጭብልኝ ሰው ጠበቅኩ። የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተኝ፤ ካውያ መተኮሻውን ቀሚሱ ላይ ረስታዋለች።

«ሦስተኛው ላይ ነው ያገኘችው?» አለች እትዬ ቁልፍ።

«አዎ፣ ሦስተኛው ሆስፒታል።»

«መዝገብ አላቸው? የሁሉንም ሰው ይጽፋሉ?»

«ይጽፋሉ። ይኸው፣ እዚህ ላይ አለ።»

መርፌዋን እጇ ላይ የነበረው ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ወጋችው። ሁለት ቁልፍ ይቀረው ነበር። ሸሚዙን አጥፋ ወንበሯ ላይ አስቀመጠች፣ ሻርፗን ከምስማሩ አወረደች፣ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ ትፈጥናለች፤ እኔ እሮጣለሁ።

«አየሽ» አልኳት፣ «ስለዋሸሻት ተቆጣችሽ።»

የመብራቱን መስቀለኛ መንገድ ተሻግረን ከዳቦ ቤቱ አልፈን ነው የተናገረችው።

«ልጇ የት ያለ ይመስልሻል?»

«አዳሪ ትምህርት ቤት።»

ቆመች። ፊቴን አየችውና መቆጣት ፈልጋ የተወችው መሰለኝ።

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ሩቅ ነው ስትሉ።»

«ሩቅ ይሁን ቅርብ ብናውቅማ ጥሩ ነበር» አለች። «አንድ ጠዋት ወጣ። ይኸው ነው። የሚያውቀው ሰው የለም።»

እትዬ ቁልፍ ማክሰኞ አልመጣችም። ረቡዕ ካውያ ቤቷ ሄዳ በሯን ቆልፋ መውጣቷን ከጎረቤት ሰማች፤ ወዴት እንደሆነ አልተናገረችም። ሐሙስም የለችም። አሥር ሰዓት ላይ መኪናዎቹ ይቆማሉ፤ ማንም መጽሐፍ አይልም። ሁለት ቁልፍ የቀረው ሸሚዝ መርፌው እንደተሰካ ወንበሩ ላይ አለ፤ አልፈው ሲሄዱ እንኳ ቀሚሳቸው እንዳይነካው ይሰበስቡታል። ጋሼ መቀስ አንዴ ጨርቅ እየቆረጠ ለራሱ «ምናለ አፌን ብዘጋው» ሲል ሰማሁት። እኔ ምን እንዳደረግሁ አሁን ገብቶኛል። ሴትየዋ ልጇ መሞቱን ከእኔ አፍ የሰማች ያህል ነው። ባትመለስስ? አንድ ቦታ፣ አንድ የባቡር ጣቢያ ላይ ብትወድቅስ?

እናቴ እንድትቆጣኝ ጠበቅኩ። አልተቆጣችኝም። ሐሙስ ጸጉሬን ስትሠራኝ ብቻ፣ ፊቴን ማየት በማትችልበት ሰዓት፣ «ውሸቱ የኔ ነው» አለች። «አንቺ ያነበብሽው መጽሐፉን ነው።» ይህ ከቁጣ ባሰብኝ። ደብተሬን አውጥቼ ለመጽሐፉ የሰጠሁትን አሥር ሰረዝኩና ዜሮ ጻፍኩበት። ጥፋቱ የእሱ እንዲሆን።

ከዓመታት በኋላ እናቴን ደፍሬ ጠይቄያታለሁ። ከአሥራ ሰባቱ መጽሐፍ ስንቱን ቀየርሽ? አልኳት።

«ትንሽ ነው።»

«ስንት?»

«አሥራ አንዱን» አለች፣ አፏን በእጇ ሸፍና። «ምን ላድርግ? ዓይኔ ወረቀቱ ላይ አይቆምልኝም። ቀና እላለሁ፣ የእነሱን ፊት አያለሁ፤ አንዷ ልትከፋ ስትል አፌ ወዲያ ይሄዳል።»

የትም የማይሸጡ፣ ማንም ያልጻፋቸው አሥራ አንድ መጻሕፍት እንዲህ አድርጌ ሰምቻለሁ። ዛሬ በቅርብ ስላነበብኳቸው መጻሕፍት ጻፊ ስባል የመጨረሻ ገጻቸውን ለመኮነን እጄ ቶሎ አይሄድልኝም። ደራሲው ፊት ለፊት ማን ተቀምጦ እንደነበር አላውቅማ።

በዚያው ሳምንት አርብ አሥር ሰዓት፣ መኪናዎቹ ቆመው ጆሮዬ ገና እየጮኸ፣ በሩ ተከፈተ። እትዬ ቁልፍ ናት። ጫማዋ አቧራ ብቻ ነው፤ ተረከዙን ረግጣ እንደ ነጠላ ጫማ አድርጋዋለች። ማንንም ሳታይ ወደ ወንበሯ ሄደች፣ ሸሚዙን አንስታ ተቀመጠች፣ መርፌውን ከኮሌታው ነቀለች።

«እትዬ» አለ ጋሼ መቀስ፣ «ያን ዕለት እኔ አፌን...»

«ያንተንማ አፍ የትኛው ክር ችሎ ይሰፋዋል!»

ማንም አልሳቀም። እሷም አልሳቀችም። አንዱን ቁልፍ ተክላ ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«አራት ሄድኩ» አለች። «መጽሐፉ ላይ ሦስት ነው፤ እኔ አራት።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የለም። ከሞቱትም የለም፣ ከታመሙትም የለም። አንዱ መዝገብ ያዥ መልካም ልጅ ነው፤ ወንበር ሰጥቶኝ የሦስቱን ዓመት ሁለት ሁለት ጊዜ አገላበጠልኝ። ‹እማማ፣ እዚህ አልመጣም› አለኝ።» ሁለተኛውን ቁልፍ ከጣሳው ውስጥ መረጠች። «ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ለመጠየቅ ፈራሁ እኮ። ያ በር ሲከፈት ዓይኔ አብሮት ይከፈታል፤ ተነስቼ መጠየቅ ግን... እንጃ። አሁን ጀምሬዋለሁ። በሚመጣው ወር ወዲያኛው ከተማ እሄዳለሁ። እዚያም መዝገብ አለ አሉ።»

«ይቅር በይኝ» አለች እናቴ። «እኔ እንዲያ ያደረግሁት...»

«ተይ እንጂ። አርብ ማታ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ። ሦስት ሌሊት ሳልገላበጥ ተኛሁ። አንቺ ነሽ ያስተኛሽኝ።» ወደ እኔ ዞረች። እግሬ ወደ ጠረጴዛው ስር ሊሸሽ ነበር። «ይቺ ደግሞ ቀሰቀሰችኝ። ነይ ወዲህ። ምን ያስለቅስሻል? ደብተርሽ የታለ? የኔ አስተያየት አልተጻፈም።»

ከፍቼ ያዝኩ። እንባዬን በክንዴ እየጠረግሁ ስለጻፍኩት ፊደሎቹ ዛሬም መስመራቸውን እንደለቀቁ ናቸው፦

«እትዬ ቁልፍ፦ ሴትየዋ ሄዳ መጠየቋ ልክ ነው። ነገር ግን ያን ያህል ስትዞር እግሯ ማበጡ አልተጻፈም። ደራሲው በእግሩ አልሄደም።»

«ጨርሰሽ ጻፍሽው?»

«ጽፌዋለሁ።»

«እንግዲያው ሌላ መጽሐፍ ይምጣ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጠረጴዛው ስር ወጥቼ እሷ አጠገብ መቀመጥ ጀመርኩ፤ መርፌው ላይ ክር እያስገባሁ አቀብላታለሁ። አዲሱ መጽሐፍ ስለ አንድ መብራት ኃይል ሠራተኛና ስለ ሽማግሌ አባቱ ነበር። ደስ የሚል፣ ቀልድ የሞላበት መጽሐፍ ነው፤ ጋሼ መቀስ አባትየውን ከመውደዱ የተነሳ እየተነሳ ሲያስመስለው ይውል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ከሰዓት፣ ሠራተኛው ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሳለ የአባቱ ጎረቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከታች መጥታ ቆመች። እናቴ እዚያ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቀጠነ። ዓይኗ ቀድሟት ወደ ታች ሲሮጥ አየሁት። ቀና አለች፤ ጋሼ መቀስን አየችው፣ ካውያን አየቻት፣ በመጨረሻ እትዬ ቁልፍን። አፏ ወዲያ ሊሄድ ነው።

እትዬ ቁልፍ ራሷን ከሸሚዙ ላይ አላነሳችም።

«እንደተጻፈው» አለች።

እናቴ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። ከዚያ አነበበችው፣ እንደተጻፈው፣ አንድም ቃል ሳታስቀር። እኔ ክሩን በጣቶቼ መካከል ጨምድጄ ይዤ፣ በልቤ «ዝለይው፣ እናቴ፣ ዝለይው» እል ነበር።